የግማሽ በመቶ ትርጉም፦ ስለ ውሾችና ድመቶች የጡት ዕጢ የሚጠቀሱ አኃዞች ሲመረመሩ

ስለ ውሾች ጤና የተዘጋጁ በርካታ ጽሑፎች ሦስት አኃዞችን ለአምስት አሥርት ዓመታት ሲቀባበሉ ቆይተዋል። ሴት ውሻ ወንድ ከምትፈልግበት የመጀመሪያ ወቅት በፊት ከመከነች የጡት ካንሰር ስጋቷ 0.5 በመቶ፣ ከአንድ ወቅት በኋላ ከሆነ 8 በመቶ፣ ከሁለትና ከዚያ በላይ ወቅቶች በኋላ ደግሞ 26 በመቶ ነው ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአኃዞቹን ምንጭ፣ አነባበባቸውንና የማስረጃቸውን ጥንካሬ መመርመር ነው።

አኃዞቹ የተገኙት ሽናይደር፣ ዶርንና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት መጽሔት ካወጡት ጥናት ነው። ጥናቱ ካንሰር የያዛቸውን ሴት ውሾች ካልያዛቸው ጋር ያነጻጸረ ሲሆን፣ ለዘመኑ ታላቅ እርምጃ እንደነበር መካድ አይቻልም። የኦቫሪ ሆርሞኖች የጡትን ኅብረ ሕዋስ እድገት ስለሚያነሣሡ፣ ኦቫሪን ማውጣት ዕጢን ሊከላከል ይችላል የሚለው ሐሳብም ከሥነ ሕይወት አንጻር የሚያስኬድ ነው።

ስህተቱ ያለው ከአነባበቡ ላይ ነው። አኃዞቹ የሚገልጹት አንዲት ውሻ በበሽታው የመያዝ ዕድሏን ሳይሆን፣ ስጋቷ ካልመከነች ውሻ ስጋት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2002 ድረስ በስዊድን ከ80,000 በሚበልጡ የመድን ዋስትና ባላቸው ሴት ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ድረስ 13 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጡት ዕጢ ምክንያት የካሳ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል። በአገሩ ውሾችን ማምከን በወቅቱ የተለመደ አልነበረም። እንግዲህ 26 በመቶን እንደ ቀጥተኛ ስጋት ከወሰድነው፣ ማምከን ስጋቱን በእጥፍ ያሳድጋል ወደሚል የማይረባ ድምዳሜ እንደርሳለን። በትክክል ሲነበብ ግን የ13 በመቶ 26 በመቶው 3.4 በመቶ ገደማ፣ 8 በመቶው ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነው። የስዊድኑ አኃዝ አደገኛ ያልሆኑ ዕጢዎችንም ስለሚጨምር ይህ ስሌት ለማስረዳት ያህል ብቻ የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የማስረጃው ጥንካሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦቬና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ስልታዊ ግምገማ ከተመረመሩት 13 ጥናቶች መካከል ዘጠኙ ለተዛባ ውጤት በከፍተኛ ደረጃ፣ አራቱ በመካከለኛ ደረጃ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ከአራቱ አንዱ ማምከን ስጋቱን እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ ሁለቱ ግንኙነት አላገኙም፤ አንዱም ጥቂት የመከላከል ጥቅም እንዳለ ቢገልጽም አኃዝ አላቀረበም። ገምጋሚዎቹም ማስረጃው ደካማ በመሆኑ ለጽኑ ምክር መሠረት ሊሆን አይችልም ብለዋል። ይሁን እንጂ ደካማ ማስረጃ ማለት ጥቅም የለውም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የውሻውን ጥርጣሬ በቀጥታ ወደ ድመት ማሻገርም አይገባም። የውሾች የጡት ዕጢ በግምት ግማሹ አደገኛ ሲሆን፣ የድመቶች ግን አብዛኛው አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ከ6 ወር ዕድሜ በፊት በመከኑ ድመቶች ላይ ስጋቱ በ91 በመቶ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በመከኑት ደግሞ በ86 በመቶ ቀንሶ እንዳገኘ ዘግቧል። እነዚህም ቢሆኑ አንጻራዊ አኃዞች ናቸው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ማምከን ከማህፀን መመረዝ የሚከላከል ቢሆንም፣ በአንዳንድ ሴት ውሾች ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልን፣ ያለ ዕድሜ ሲደረግም በአንዳንድ ትላልቅ ዝርያዎች የመገጣጠሚያ ሕመምን ሊያስከትል ይችላል። የእንስሳው ባለቤት ጥቅሙንና ጉዳቱን መመዘን የሚችለው አኃዙ በትክክል ሲነገረው ነው። በሰው ሕክምና የተሰማራንም ባለሙያዎች ስለ መድኃኒትም ሆነ ስለ ክትባት «ስጋቱን በዚህን ያህል ይቀንሳል» የሚል አኃዝ ስናነብ፣ ለታካሚው ከማስተላለፋችን በፊት «ከስንት ወደ ስንት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።