ጉልበት የሚሸፍነው

የሰሜን ጎንደር ትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ደባርቅ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከእኩዮቹ በአንድ ራስ በሚበልጠው ልጅ ላይ ነው። ትከሻው የሰፋ፣ ባቱ የደነደነ፣ ድምፁ የጎረነነ። ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ገጠር የመጣ ይሆናል። ሲነሡ ይመራል፣ ሲጨርሱም እሱው ነው። ተመልካቹ "ይኼስ አገር ያስጠራል" ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ልጅ ሳይ ደስ ቢለኝም ሥጋት ይገባኛል። ልጆችን ለክለብ በማብቃት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቼ ያየሁት፣ ቀድሞ የጠነከረ ልጅ ለማሳደግ ከሁሉ እንደሚከብድ ነው። ጉልበቱ ያልተማረውን ሁሉ ይሸፍንለታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጥንት ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት የ15 ዓመት ልጆች በአካል እድገት የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ጢም አቀምቅሟል፣ ሌላው ገና ሕፃን ነው። ቀድሞ ያደገው በደረቱና በእግሩ ርዝመት ያሸንፋል፤ ስለ ሩጫ ከሌላው የበለጠ ስላወቀ አይደለም። 19 እና 20 ዓመት ሲሞላቸው ያ ትንሹ ይደርስበታል። ያውም በትንሽነቱ ዘመን ላለመቅረት ሲል ጉልበት መቆጠብን፣ በሰው ጀርባ ተከልሎ መሮጥን፣ መቼ መውጣት እንዳለበት ማስላትን ተምሮ ነው የሚመጣው። ጉልበተኛው ከፊት ሆኖ ከመጎተት በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም። ያን ጊዜ ሲሸነፍ ልቡ አብሮ ይሰበራል፤ ማሸነፍ ተፈጥሮው መስሎት ነዋ የኖረው።

ስለዚህ አስቀድሜ የማጣራው ዕድሜውን ነው። ልጁን ለመክሰስ ብዬ አይደለም፤ ምን ያህል እድገት እንደቀረው ለማወቅ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ እኔ ዘንድ የሚመጡት ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ወረቀታቸው ላይ ያለው ዓመት ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገቡ በግምት የተጻፈ ነው። እናትየውን እጠይቃለሁ። "በረዶ ገብሱን በመታው ዓመት፣ በጥምቀት ማግስት" ብላ ስትነግረኝ ከየትኛውም ወረቀት ይልቅ እሱን አምናለሁ። ከዚያ ልጁን አያለሁ። ዘንድሮ ሱሪው አጥሯል? ጫማው ጠቦታል? ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ሲነካ ያመዋል? እንዲህ ከሆነ ገና እያደገ ነውና ዝላይና ረጅም ቁልቁለት እቀንስለታለሁ። በየወሩ ግድግዳ ላይ አቁሜ ቁመቱን በከሰል አሰምራለሁ። ከሰዓት መያዣዬ የበለጠ የሚያገለግለኝ ያ መስመር ነው።

ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ከደባርቅ በላይ ያለው ልጅ የቱሪስት ጓዝ የጫነ በቅሎ እየነዳ ወደ ስሜን ተራሮች፣ ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ይወጣል፤ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። የዳባቱ ልጅ ሞፈር ጨብጦ፣ ነዶ ተሸክሞ አድጓል። ወንዝ ወርዶ ውኃ ያመጣል፣ ዳገት ወጥቶ ከብት ይመልሳል። ይህ ሁሉ ባትና ሳንባ ይሠራል፤ ግን ሁሉም በዝግታ የሚሠራ፣ ረጅምና ከባድ ሥራ ነው። ፈጣን እግር አይሰጥም። እንዲህ ያለ ልጅ ለ10 ኪሎ ሜትር ዳገት አይበገርም፤ 200 ሜትር በፍጥነት ሩጥ ሲሉት ግን እጁና እግሩ አይተዋወቁም። ጥንካሬ ጨምሩለት የሚሉኝ አሉ። እሱ ሞልቶታል። የሚያስፈልገው እርምጃ ማስተካከል፣ ክንድ ማላላት፣ ጣትን እንኳ ሳይጨብጡ መሮጥ ነው። ለዚህ ዳባት ሜዳ ላይ በአጭር ርቀት፣ በቂ እረፍት እየሰጠሁ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እሠራለሁ። አሰልቺ ነው፤ ጉልበተኛ ልጅ ደግሞ ካልደከመው የሠራ አይመስለውም።

ከፍታውስ? ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ሰጥታናለች። አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሜን ሁሉ በሜዳሊያ ይሞላ ነበር። በቆጂ ላይ የስፖርት አስተማሪ የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበረ፤ ልጆቹን በትንሽነታቸው ይዞ፣ ሩጫ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ማፍታታትና ቅንጅት በየቀኑ እያሠራ፣ በአንድ ቦታ ለዓመታት ጸንቶ። እኛ ዘንድ አሠልጣኝ ሁለት ዓመት ሠርቶ ይዛወራል፤ ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል። የደባርቅን አየር ለሚያደንቁልኝ እንግዶች የምመልሰው ይኼንኑ ነው።

አየሩ ግን አስተማሪ መሆኑን አልክድም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 70 በመቶ ገደማ ነው። አነሣሡን ያፈጠነ ሯጭ የተበደረውን ትንፋሽ በሩጫው መሐል መክፈል አይችልም፤ መጨረሻ ላይ ይያዛል። ጉልበተኛው ልጅ ዞን ላይ ሲወዳደር እዳው አይታወቀውም፤ ሌሎቹ ከእሱ በፊት ይያዛሉና። አዲስ አበባ፣ ጃንሜዳ ሲወርድ ግን እሱን የሚያህሉ መቶ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ያገኛል፤ እዚያ የጀመረበት ፍጥነት ራሱን ይቀጣዋል።

ፍጥነት መቆጠብን የማስተምረው ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው ኮሮኮንች ላይ ነው። ልጆቹ በአንድ መስመር ይሮጣሉ፤ ጠንካራውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። ሥራው የፊተኛውን እግር መከተል ነው፤ ርቀቱ አይሰፋም፣ አይጠብም፣ የፊተኛው እግር ሲነሣ የእሱም ይነሣል። አንዱ ልጅ በዚህ ተቆጥቶ "ኮች፣ እየቻልኩ ለምን ከኋላ ያደርጉኛል?" አለኝ። "ስለምትችል ነው የኔ ልጅ። የማይችለውንማ ከኋላ መሆን ማን ያስተምረዋል?" አልኩት። አልተዋጠለትም፤ ፊቱን አጥቁሮ ሰነበተ። እግር መከተል ግን ትሕትና ለማስተማር የማሠራው አይደለም። የሌላውን ሰው ድካም ከእርምጃው ማንበብ የሚለመደው እዚያ ነው፤ ተረከዙ መሬት ላይ መቆየት ሲጀምር፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ሲወጣ፣ ትንፋሹ ከእግሩ ጋር ሲጣላ። ከፊት የሚሮጥ ይህን ሁሉ አያይም። በሲድኒ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲያሸንፍ መጨረሻው ድረስ ከኋላ ነበር፤ ያን ያህል ታግሦ መከተል የሚቻለው የሚከተሉትን ሰው እያወቁ ነው። ለልጆቼ ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ትከሻው ለሰፋ፣ ቁመቱ ለዘለቀ ልጅ ሌላ የምወደው ቦታ አለ፤ 3 ሺህ ሜትር መሰናክል። የአጭር ርቀቱ መሰናክል ሲመቱት ይወድቃል፤ የዚህኛው ግን ከባድ አግዳሚ ነው፣ 91.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሲገፉት የማይነቃነቅ። 28 ጊዜ ይዘለላል፤ ሰባት ጊዜ ደግሞ ውኃው አለ። በዚያ ላይ ሯጮቹ ተጠጋግተው ስለሚዘሉ ክንድ ይነካካል፣ እግር ይረገጣል። እዚህ ቦታ ቀጭኑ ልጅ ሲደነግጥ የገና ጨዋታ ሲጫወት ያደገው ልጅ አይደነግጥም። የገና ጨዋታን ከሩጫ የሚለዩት ሰዎች አሉ፤ እኔ ለታኅሣሥ 29 በየመንደሩ እየዞርኩ አያለሁ። ሩሩን ለማግኘት በዱላ መሐል የሚገባ፣ ተገፍቶ ሚዛኑን የሚመልስ፣ ወድቆ ሳይጮህ የሚነሣ ልጅ የመሰናክል ልጅ ነው።

ደባርቅ ላይ የውኃ ጉድጓድ ያለው መም የለንም። የባሕር ዛፍ ግንድ በሁለት ድንጋይ ክምር ላይ አጋድመን እንዘላለን። ግንዱም እንደ ውድድሩ አግዳሚ አይወድቅምና ልጁ ከመጀመሪያው ማክበርን ይለምዳል። ጉልበተኛው ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይዘላል፤ ተመልካች ያጨበጭብለታል፣ እኔ አልወደውም። አየር ላይ የቆየ ሰው ወደፊት አይሄድም፤ ሲያርፍም በክብደቱ ልክ መሬቱ ይመታዋል። ዝቅ ብሎ፣ ሳያጥር ሳይረዝም፣ በሁለቱም እግር መነሣት እንዲችል ነው የምፈልገው። በግራም በቀኝም መዝለል የማይችል ልጅ በሰው መሐል ሲሆን እርምጃው ይዛባበታል። ለሜቻ ግርማ እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ላይ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ወሰደ፤ በዓመቱ እዚያው ፓሪስ፣ በኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ዙር አግዳሚው ላይ ወድቆ በቃሬዛ ወጣ። በዚህ ሩጫ የዓለም ፈጣኑን ሰው እንኳ አግዳሚው እንደማይምር ልጆቼ በቴሌቪዥን አይተዋል። ከዚያ በኋላ ግንዱን ሲዘሉ ቀልድ ቀንሷል።

ስለ ምግብ ከተነሣ የምለው ብዙ ነው። ትልቅ ሰውነት ብዙ ይበላል፤ የስሜን ቤት ግን የሚበላው ገብስና ባቄላ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ የገብስ እንጀራ ለሯጭ ጥሩ ነው፤ ጉልበት የሚሆን እህል ሞልቷል። የሚያንሰው ብረትና ለሥጋ መጠገኛ የሚሆነው ነው፤ በተለይ በዓቢይ ጾም 55 ቀን። ጾሙን ፍታ ብዬ አላውቅም፤ የነፍስ አባቱና እናቱ ጉዳይ ነው፣ እኔም እጾማለሁ። በጾም ወራት ከባዱን ልምምድ እቀንሳለሁ፤ ሽሮው ላይ ባቄላውና ምስሩ እንዲበዛ፣ ተልባና ሱፍ እንዳይጠፋ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆይቶ እንዲጠጣ እናቶችን እለምናለሁ፤ ሻይና ቡና ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉና። ጉልበተኛ ልጅ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከንፈሩ ነጥቶ ሲመጣ ሰው "ሰነፈ" ይለዋል። እኔ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ደሙን እንዲታይ እልከዋለሁ።

አባቶችም ድርሻ አላቸው። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ጠንካራውን ልጅ አባቱ ይፈልገዋል፤ በትክክል ነው የሚፈልገው። "ጋሼ፣ ይሂድ፤ ጠዋት ብቻ ይስጡኝ" እላለሁ። ማጨድና መሸከም ሥራ ነውና ከልምምዱ እቆርጥለታለሁ። ሁለቱንም በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ዝም ብሎ የሚያይ አሠልጣኝ ልጁን ለታኅሣሥ ጉዳት እያዘጋጀው ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ሲደርስ ልምምድ ቆመ። ከተማው በተፈናቃይ ሞላ፣ የዳባቷ መንደር ጭና ላይ የሆነው ሆነ። ጠንካራ የተባሉት ልጆች ለሌላ ነገር ተፈለጉ። ከእነሱ ያልተመለሱ አሉ። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው አንድ ሰው መጥቶ የጎዳና ሩጫ፣ ፓስፖርት፣ ዶላር ይለዋል። ደሃ ቤት ላደገ ልጅ ይህን መናቅ ቀላል አይደለም፤ አንድ ሽልማት ሁለት በሬ ይገዛል። ክለብ ግባ እላለሁ፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይመጣል፣ አልጋና ምግብ አለው፣ ወላጆቹም ያርፋሉ። ማራቶንን ግን ተው እላለሁ። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ራሱ በሻምፒዮናዎቹ ከ20 ዓመት በታች ላለ ሯጭ ማራቶን አይፈቅድም። ትዕግሥት አሰፋን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፣ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ እስከዚያ ቀን በዓለም ታሪክ ሴት ሮጣው የማታውቀውን ሰዓት አስመዘገበች። መጀመሪያ ፈጣን እግር፣ ርቀቱ በኋላ። የእኛ ጉልበተኞች ተቃራኒውን መንገድ ይሄዳሉ፤ ርቀቱን በ17 ዓመታቸው ያቃጥሉትና ፍጥነቱን በ24 ዓመታቸው ይፈልጉታል።

የክለብ መልማዮች ባሕር ዳር ለክልሉ ሻምፒዮና ሲመጡ የውጤት ወረቀቱን አንሥተው አንደኛ የወጡትን ያሰምራሉ። እኔ ግን እላቸዋለሁ፦ አራተኛና አምስተኛ የወጣውን ትንሹንም ልጅ ጠይቁ። የመጨረሻዋን 400 ሜትር በስንት እንደሮጠ፣ ዘንድሮ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳደገ፣ ድምፁ እንኳ ተቀይሮ እንደሆነ። አንደኛ የወጣውን ጉልበተኛ ስትወስዱ ደግሞ ሁለት ዓመት ዋንጫ እንዳትጠብቁበት ከአሠልጣኙ ጋር ተነጋግራችሁ ውሰዱት። ቁመቱን በየወሩ ከግድግዳው የገለበጥኩበትን ደብተር አብሬ እሰጣችኋለሁ።