በብረት ዙሪያ ያለ አጥንት

በጭን አጥንት ውስጥ የገባውን የሰው ሠራሽ ዳሌ ዘንግ መልካም ሥራ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመፍረድ የሚሻ ሰው ዓይኑን አስቀድሞ በብረቱ ላይ ካሳረፈ ተሳስቷል፤ ብረቱ በራጅ ፊልም ላይ በመጀመሪያው ቀንም ሆነ በ10ኛው ዓመት ያው ነጭና ያው ዝምተኛ ነውና፣ ቃሉን የሚሰጠው ምስክር በዙሪያው ያለው አጥንት ነው።

አጥንት ሸክም በበዛበት እየወፈረ፣ ሸክም በጎደለበት እየሳሳ መልኩን የሚለውጥ ሕያው ፍጥረት መሆኑን የበርሊኑ ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ሕግ ደነገገው። ከ60 ዓመት ያህል በኋላም ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለው ስዊድናዊ፣ የደምን ዝውውር ለመመልከት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያኖረውን የቲታኒየም መሣሪያ መልሶ ሊያወጣ ቢሞክር፣ አጥንቱ ይዞ አልለቅም አለው። ይህን ነገር ውሕደት ማለት ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን፣ ሁለቱ ባሕርያቸውን ሳይለውጡ በመካከላቸውም አጥር ሳያቆሙ ስለሚኖሩ፣ ጉርብትና ብለው ይቀለኛል።

ስለዚህ ሲሚንቶ ባልተጨመረበት ዘንግ ዙሪያ ፈራጁ በቅድሚያ የሚፈልገው ያንኑ አጥር ነው። ዘንጉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ150 ማይክሮን በላይ ሲነቃነቅ የቆየ እንደ ሆነ፣ አጥንት በመብቀል ፈንታ ጅማት መሰል ሥጋ ይጋርደዋል፤ ይህም ብረቱን ተከትሎ የሚወርድ ጥቁር መስመር ሆኖ በፊልሙ ላይ ይታያል። በአንጻሩ ከአጥንቱ የውስጥ ግድግዳ ተነሥተው እስከ ብረቱ ሻካራ ገጽ የሚደርሱ ነጫጭ ድልድዮች ከታዩ፣ ዘንጉ በእርግጥ ተይዟል።

ልምድ የሌለውን ዓይን የሚያስተው ግን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው፤ የጠበቀ ሁሉ መልካም አይደለምና። የአጥንት ቅርፊት ግትርነት ከ20 ጊጋፓስካል እምብዛም ሳያልፍ፣ የቲታኒየም ቅይጥ 110 ያህል ይደርሳል፤ የኮባልትና ክሮም ቅይጥ ደግሞ 200ን ያልፋል። ወፍራም የኮባልት ዘንግ እስከ ታችኛው ጫፉ በአጥንት በተያዘ ጊዜ፣ የገላው ክብደት የላይኛውን አጥንት እየዘለለ በብረቱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ አባቱ ሁሉን እንደሚሠራለት ልጅ ያለ ግብር የቀረው የላይኛው አጥንት ይመነምናል። ይህ መሳሳት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ታይቶ ከቆመ እኔ አልነቅፈውም፤ ዓመት ለዓመት ከቀጠለ ግን፣ በሽተኛው ያለ ሕመም ቢራመድም፣ ሥራውን ፍጹም አልለውም።

ይህን ሁሉ በአንድ ፊልም የሚፈርድ ሐኪም የለም። ብረት በአካልህ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ከቀዶ ጥገናው ማግስት የተነሣኸውን ራጅ ከነፖስታው ጠብቀው።