ስሙ ያልተሰማ ፊልም

ሰው የማያውቀውን ነገር መጠራጠሩ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። ዳሩ ግን የሚያውቀውን ብቻ እየመረጠ የሚኖር ሰው ዕውቀቱ ካለበት አይጨምርም። ይህም በመጽሐፍና በወዳጅ አመራረጥ የሚታይ ቢሆን፥ በፊልም ፌስቲቫል ላይ ይልቁን ጐልቶ ይታያል።

የፊልም ፌስቲቫል ማለት ከብዙ አገር የመጡ ፊልሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራ በተራ የሚታዩበት በዓል ነው። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2007 ዘጋቢ ፊልሞች የሚታዩበት አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ተጀምሯል። ከጅማ፥ ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ለትምህርት ወደ ዋናው ከተማ የሄደ ወጣት እንዲህ ያለ በዓል ሲያጋጥመው፥ ብዙውን ጊዜ የሚሰለፈው ስሙ ወደ ገነነው ፊልም ነው። ዝነኛውን ግን ነገም በስልኩ ያገኘዋል፤ ያልታወቀውን ያን ቀን ካላየው ምናልባት ዳግመኛ አያገኘውም።

ለዚህ ነገር የጅማ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። የጅማ ቡና ለብዙ ዘመን በገበያ ዘንድ ስሙ ዝቅ ያለ ነበር፤ ይኸውም ዛፉ ክፉ ሆኖ ሳይሆን በአለቃቀሙና በአደራረቁ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአጋሮ አካባቢ ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቁሞ ቀዩን ፍሬ እየለየ ማጠብ ጀመረ፤ በ2012 ቡናው በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ቀማሾቹ የአገሩን ስም ብቻ ሰምተው ቢፈርዱ ኖሮ ሲኒውን ባላነሡት ነበር።

በፊልምም እንዲሁ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በካን የተቺዎች ሳምንት ሲታይ ገና ወጣት ዲሬክተር ነበረ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተጫዋቾቹም ሙያተኞች አይደሉም። የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ለባለ ርስቱ ሲለፋ ያሳያል። ነገሩ በዝግታ ስለሚሄድ ሩጫ የለመደ ተመልካች ይሰለቻል። እኔ ግን ዝግታውን ጉድለት አልለውም፤ በሬው ሲያዘግም እያየን ጥቂት ካልታገሥን፥ ገበሬው ስንት ዘመን እንደ ታገሠ አይገባንም። የምነቅፈው ሌላ ነው፤ ባለ ርስቱ ከቍጣና ከትእዛዝ በቀር ብዙ ጠባይ የተሰጠው አይመስለኝም። ክፋት ግን ከሰውነት ጋራ ተቀላቅሎ ሲታይ ይበልጥ ያስፈራል።

«ያልታወቀው ፊልም መጥፎ ቢሆንስ? ገንዘቤና ጊዜዬ መባከኑ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አለመታወቅ ብቻውን የመልካምነት ምስክር አይሆንም። ስለዚህ በጭፍን አትግቡ፤ ስለ ፊልሙ የተጻፈውን አጭር መግለጫ አንብቡ፤ ከምታዩዋቸው ሦስት ፊልሞች ግን አንዱ ማንም ያላወራለት ይሁን። ካያችሁም በኋላ የጓደኛችሁን አስተያየት ሳትሰሙ የራሳችሁን ፍርድ ከነምክንያቱ ጻፉ። ፊልሙ መጥፎ ቢሆን እንኳ፥ ለምን መጥፎ እንደ ሆነ ማስረዳት መቻል ትርፍ ነው።

ናትናኤል ከናዝሬት በጎ ነገር መውጣቱን በተጠራጠረ ጊዜ ፊልጶስ ክርክር አላበዛም፤ መጥቶ እንዲያይ ብቻ ነገረው። ነገሩ እንግዲህ ከአንድ ምሽት ጨዋታ ያልፋል። ባዶ ወንበር የተቀበለው ጀማሪ ዲሬክተር ሁለተኛ ፊልም የሚሠራበት ገንዘብ ላያገኝ ይችላል። ተመልካቹም ሌሎች ላጨበጨቡለት ብቻ ማጨብጨብ ከለመደ፥ ልማዱ ከአዳራሹ አብሮት ይወጣል፤ ድኻ ሰው እውነት ሲናገር፥ የሚናገረውን ከማዳመጥ ይልቅ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቃል።

ወጣቶች ሆይ፥ ዝነኛውን ለማድነቅ ድፍረት አያስፈልግም። ስም ያልወጣለትን አይቶ «ይህ መልካም ነው» ለማለት ግን የራስ ዓይንና የራስ ልብ ያስፈልጋል።