ተሸናፊ ሲያርም፦ የሌበር ፓርቲ አንቀጽ 4

«ጥልቅ ተሃድሶ» የሚለውን ቃል ታስታውሳላችሁ? በ2009 ዓ.ም. ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ሁሉ ስለ እሱ ነበር የሚያወራው። የሚገርመው፣ ታደስኩ የሚለው ፓርቲ የተሸነፈ አልነበረም። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ አንድም ሳያስቀሩ ወስደዋል። ሽንፈት የሌለበት ተሃድሶ! በአገራችን በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን ያስረከበ ገዢ ፓርቲ እስካሁን የለም። ስለዚህ ተሸናፊ ፓርቲ ራሱን መርምሮ የሚጽፈውን ዓይነት ጽሑፍ ብዙም አናውቀውም።

ያንን ጽሑፍ ለማየት ወደ እንግሊዝ እንሂድ። የሌበር ፓርቲን ሁለት ጽሑፎች ይዤ መጥቻለሁ፦ የ1983ቱን የምርጫ ማኒፌስቶና በ1995 የተቀየረውን አንቀጽ 4። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ላነባቸው ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ይህ የተጻፈው ለማን ነው?

መጀመሪያ ማኒፌስቶው። የወቅቱ የፓርቲው መሪ ማይክል ፉት ጋዜጠኛና ደራሲ ነበሩ። ስለ ጆናታን ስዊፍት መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የአኒዩሪን ቤቫንንም የሕይወት ታሪክ በሁለት ቅጽ አዘጋጅተዋል። እንዲህ ያለ ብዕረኛ የሚመራው ፓርቲ ያወጣው ጽሑፍ ግን እንደ ቃለ ጉባኤ የሚከብድ ነው። የኑክሌር መሣሪያን በራስ ውሳኔ መተው፣ ከአውሮፓ የጋራ ገበያ መውጣት፣ የሎርዶችን ምክር ቤት ማፍረስ፣ ወደ ግል የዞሩ ድርጅቶችን ወደ መንግሥት መመለስ። ሐሳቦቹ ያከራክራሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። የጽሑፉ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ልክ እንደ ሠርግ ጥሪ ዝርዝር፣ በፓርቲው ውስጥ ማንም እንዳይቀየም ሁሉም ገብቶበታል። የተረሳው መራጩ ነው። ከራሱ ከፓርቲው ሰዎች አንዱ የሆኑት ጄራልድ ካውፍማን፣ በታሪክ ረጅሙ የራስ ማጥፊያ ደብዳቤ ብለው እንደቀለዱበት ይነገራል።

ውጤቱ 27.6 በመቶ ድምፅና 209 መቀመጫ ሆነ። በድምፅ ሦስተኛ ከወጣው ጥምረት የበለጡት በሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ምርጫ፣ ያንኑ ማኒፌስቶ ይዞ፣ ሴጅፊልድ ከምትባል የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል አካባቢ አንድ የ30 ዓመት ጠበቃ ፓርላማ ገባ፤ ቶኒ ብሌር። ሴጅፊልድን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ ያለው 14 ዓመት ነው። አዎ፣ 14! ኒል ኪኖክ መሪ ሆነው በ1985ቱ ጉባኤ የራሳቸውን ፓርቲ አክራሪዎች ፊት ለፊት ተጋፈጡ፤ በ1986 የፓርቲው ምልክት ቀይ ጽጌረዳ ሆነ። ሆኖም በ1987ም በ1992ም ተሸነፉ። ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሠሩት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዳምጡት ሰዎች ይመስሉኛል። የምርጫ ስትራቴጂ ባለሙያው ፊሊፕ ጉልድ ድሮ ሌበርን መርጠው ኋላ የከዱ ሰዎችን በየሳሎኑ ሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። «ሕዝቡ ለምን አልገባውም?» ከሚለው ጥያቄ «እኛ ምን ብለን ነው ያስኮረፍነው?» ወደሚለው መሻገር ቀላል አይደለም። የተሸነፈ ሰው የመጀመሪያው ፍላጎት ማስረዳት እንጂ መስማት አይደለም።

አሁን ወደ አንቀጽ 4። በ1917 ሲድኒ ዌብ አረቀቀው፤ በ1918 ጸደቀ፤ በአባላት መታወቂያ ካርድ ላይም ይታተም ነበር። ሠራተኛው የልፋቱን ፍሬ እንዲያገኝ የማምረቻ፣ የማከፋፈያና የመገበያያ መሣሪያዎች በጋራ ይያዙ የሚል ነበር። ሂዩ ጌትስኬል ከ1959ኙ ሽንፈት በኋላ ሊቀይሩት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ብሌር በኤፕሪል 1995 በተጠራ ልዩ ጉባኤ ወደ 65 በመቶ በሚሆን ድምፅ አስቀየሩት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው ፍርዴ ይከፈላል። የዌብ ዓረፍተ ነገር ረጅምና ከባድ ነው፤ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም። ግን የሚጨበጥ ነገር ይላል። መቃወም ትችላላችሁ፤ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። አዲሱ ይፈስሳል፤ ሥልጣን፣ ሀብትና ዕድል በጥቂቶች ሳይሆን በብዙኃኑ እጅ ይሁን ይላል፤ መብት ከግዴታ ጋር ይሂድ ይላል። ይህን ማን ይቃወማል? ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር፦ አሮጌው አንቀጽ «ሶሻሊስት» የሚል ቃል አልነበረበትም፤ አዲሱ ግን ፓርቲው ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊስት ነው ብሎ ይጀምራል። ነገሩ ሲወጣ ስሙ ገባ።

እንደ አርትዖት ግን ሠርቷል። በ1997 ፓርቲው ተስፋዎቹን ወደ አምስት አሳጥሮ በኪስ በምትያዝ ካርድ ላይ አተማቸው። ረጅሙ ደብዳቤ የኪስ ካርድ ሆነ፤ 418 መቀመጫም ተገኘ። ለመራጩ የተጻፈ ጽሑፍ መሆኑን መራጩ ራሱ መሰከረ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ግን ቁጥሩን ተከተሉት። በ1997 ሌበር ያገኘው 13.5 ሚሊዮን ድምፅ በ2001 ወደ 10.7፣ በ2005 ወደ 9.5 ሚሊዮን ወረደ። የኢራቅ ጦርነት አለበት፤ በሥልጣን መሰንበትም ያሰለቻል። ግን ማሽቆልቆሉ የጀመረው ከኢራቅ በፊት ነው፤ በ2001 ብዙ ሰው ጭራሽ ለመምረጥ አልወጣም።

ሴጅፊልድስ? በ2019 ኮንሰርቫቲቮች ወሰዷት። የብሌር መቀመጫ! ብሬክዚት ትልቁን ሚና ተጫውቷል፤ አልክድም። ግን ለከሰል ሠራተኛው ልጅ የተጻፈው የድሮው ዓረፍተ ነገር ሲሰረዝ፣ በቦታው እሱን ስሙን ጠርቶ የሚያናግር ሌላ አልተጻፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?

ሌበር በ2024 እንደገና ተመለሰ፤ 411 መቀመጫ። የድምፁ ቁጥር ግን 9.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ክፉኛ ከተሸነፈበት ከ2019 ያነሰ። መቀመጫው ተመለሰ፤ ሰዉ አልተመለሰም።

ጽሑፍ አርማችሁ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ መሰረዝ ግማሹ ሥራ ነው። የ1983ቱ ማኒፌስቶ መሰረዝ ነበረበት፤ በዚህ አልጠራጠርም። የሰረዙትን ሰዎች ድፍረትም አደንቃለሁ፤ የራስን ሰው አስቀይሞ የራቀውን ማዳመጥ ከባድ ነው። ግን የተሰረዘው መስመር የሆነ ሰው ቤት ነበር። ያ ሰው የት ይሂድ? ተሃድሶ የሚባለው ለዚህ መልስ ሲጻፍ ይመስለኛል።

እኛም አንድ ቀን ተሸንፎ፣ ሥልጣን አስረክቦ፣ ቤቱ ተቀምጦ ራሱን የሚያርም ፓርቲ እናይ ይሆናል። ያኔ የሚያወጣውን ጽሑፍ ስናነብ ስለ መሪው ከመጨቃጨቃችን በፊት እንጠይቅ፦ ለማን ተጻፈ? ማንስ ተሰረዘ?