ቀና ብላ ያየችው ጭላዳ

በምሠራው የመካነ አራዊት ጌም መጀመሪያ ያስገባሁት ጭላዳን ነው፤ ቀላል መስሎኝ። ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል እንስሳ ምን ያስቸግራል? ለእያንዳንዱ አራት ቁጥር ሰጠሁ፦ ረሃብ፣ ድፍረት፣ ቁጣ፣ ተግባቢነት። ዘ ሲምስ በ2000 ከወጣ ወዲህ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከዚሁ ነው፤ ፍላጎቱ ይጎድላል፣ ፍጡሩ ሊሞላው ይሄዳል።

ስክሪኑ ላይ ግን ሃያውም ጭላዳ አንድ ሆኑብኝ። ድፍረቷ 80 የሆነችውም 30 የሆነችውም ሣር ይነጫሉ። ቁጥሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ ተጫዋቹ በምን ይወቀው? «ዓይን አፋር» የሚል ጽሑፍ ከራሷ በላይ ማንጠልጠል ደግሞ ሽንፈት ነው።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ጎፈራሙን ወንድ አለቃ አድርጌ ሴቶቹን ኋላው አስከተልኩ። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳን ተቀምጦ ያየ ሰው ይስቅብኛል። የቤተሰቡ ምሰሶ እናት፣ ልጅ፣ እህትና አክስት ናቸው። ወንዱ ከወንደላጤዎቹ መንጋ መጥቶ፣ የፊተኛውን አባርሮ የገባ ነው፤ በተራው ይባረራል። አንዷን ቢያስጨንቅ ዘመዶቿ ይነሡበታል።

ስለዚህ ቁጥሮቹን ከእንስሳው አውጥቼ በሁለት እንስሳት መካከል አስቀመጥኳቸው። ማን ማንን ቀመለች፣ ማን ለማን ደረሰች፤ እንደ ዕቁብ መዝገብ። ሳይቀማመሉ ሲቆዩ ውለታው ይደበዝዛል። ወንዱም ቦታውን ሲለቅ የደረቱ ቅላት እንዲፈዝ አደረግኩ፤ በተፈጥሮም ቤተሰብ የያዘው ደረት ከወንደላጤው ይልቅ ይቀላል።

አንድ ምሽት ከጓደኛዬ ጋር ስንሞክረው ጎፈራሙ «ሰባት» ያልናትን ቀጭን ሴት ያሳድዳት ጀመር። ጮኸች። ሁለት ሴቶች ሣራቸውን ትተው ከግራና ከቀኝ ቆሙላት። ሦስተኛዋ፣ ሰባት ስትቀምላት የከረመችው፣ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወደ ሣሯ ተመለሰች።

«ውለታ ቢስ!» ብሎ ጓደኛዬ ጠረጴዛውን መታ።

እውነቱን ለመናገር ቀና ማለቷ የኮድ ስህተት ነበር። «ልርዳት ወይስ ይቅር» የሚለው ስሌት በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሁለቴ ይሠራል፤ መጀመሪያ እሺ ብሎ አንገቷን ያዞራል፣ ቀጥሎ እምቢ ይላል። ላርመው ከፍቼ ተውኩት። እንዲያውም ያቺን ግማሽ ሰከንድ ለሁሉም ሰጠኋቸው፤ የሚረዳውም የማይረዳውም መጀመሪያ ያያል።

ጓደኛዬ ግን ያቺን ሴት ከመንጋው አውጣልኝ እያለ እስካሁን ይወተውተኛል። ሁለት ልጆች እንዳሏት ብነግረውም አልሰማ አለኝ።