ቴሌፓቶሎጂ፦ ስላይድን ከሩቅ የማንበብ ሙያ

ቴሌፓቶሎጂ ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና በአንድ ቦታ ተዘጋጅቶ፣ የማይክሮስኮፕ ምስሉ ተልኮ፣ ሌላ ቦታ ባለ ፓቶሎጂስት የሚነበብበት አሠራር ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣለት አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሮናልድ ዋይንስታይን ነው። ዛሬ ርቀቱን መሻገር ከሥራው ቀላሉ ክፍል ሆኗል፤ የምርመራው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ምስሉ ከመነሣቱ በፊት፣ ናሙናውን በሚያዘጋጁት ባለሙያዎች እጅ ነው።

ናሙናው ከሰውነት እንደ ወጣ ሳይዘገይ በ10 በመቶ ፎርማሊን ይነከራል። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ ቢነከር ዳር ዳሩ ደህና ሆኖ መሐሉ ይበላሻል። ቀጥሎ ውኃው በአልኮል ይወገድና ናሙናው በፓራፊን ሰም ተይዞ፣ ማይክሮቶም በሚባል መቁረጫ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ተቆርጦ ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ ይለጠፋል። ሄማቶክሲሊን የተባለው ቀለም ኒውክሊየሱን ሰማያዊ፣ ኢኦሲን ደግሞ የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ቁራጩ ከወፈረ ሴሎቹ ይደራረባሉ፤ ቢላው ከደነዘ ሰንበር ይተዋል፤ መሸፈኛ መስታወቱ በጥንቃቄ ካልተጫነ አረፋ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሰው የፎከስ ማስተካከያውን እያዞረ እንዲህ ያለውን ጉድለት በከፊል ያልፈዋል። ስካነር ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የፎከስ ልክ ስለሚያነሣ ጉድለቱ ከምስሉ ጋር ታትሞ ይቀራል።

ምስሉ የሚላክባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጥቂት ፎቶዎችን አንሥቶ መላክ ነው። በማይክሮስኮፕ ላይ የተገጠመ ካሜራ ወይም በዓይን መመልከቻው ላይ የተያዘ ስልክ ይበቃዋል፤ ነገር ግን የቱ ቦታ ይነሣ የሚለውን የሚመርጠው ላኪው ስለሆነ፣ ከፎቶው ውጭ የቀረ የካንሰር ሴል ለተቀባዩ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ላኪ በመጀመሪያ የስላይዱን ጠቅላላ ገጽታ በዝቅተኛ ማጉላት አንሥቶ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እያጎላ ይወርዳል። ሁለተኛው መንገድ ተቀባዩ ከሩቅ ሆኖ ሞተር የተገጠመለትን ማይክሮስኮፕ የሚያንቀሳቅስበት ነው። ሰሜናዊቷ የኖርዌይ ከተማ ትሮምሶ ፓቶሎጂስት የሌላቸውን ራቅ ያሉ ሆስፒታሎች በዚህ ዘዴ አገልግላለች፤ ሕመምተኛው በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ እያለ ናሙናው በፍጥነት በረዶ እንዲሆን ተደርጎና ተቆርጦ የተዘጋጀው ስላይድ ከሩቅ ይነበብ ነበር።

ሦስተኛው ስላይዱን ሙሉ በሙሉ ስካን ማድረግ ነው። በ40 እጥፍ ሌንስ ሲነሣ አንድ ፒክስል 0.25 ማይክሮሜትር ገደማ ይሸፍናል። ወርዱም ቁመቱም 15 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ 3.6 ቢሊዮን ፒክስል ይወጣዋል፤ ሳይታመቅ ወደ 11 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን በደካማ ኢንተርኔት ማየት የሚቻለው ምስሉ በተለያየ የማጉላት ደረጃ ተዘጋጅቶ በትናንሽ ካሬዎች ስለሚቀመጥ ነው፤ አንባቢው ከሚያየው ቦታ በቀር ሌላው አይላክም። ከልክ በላይ ማመቅ ፋይሉን ቢያቀልም የኒውክሊየሱን ውስጣዊ ገጽታ ያደበዝዛል።

በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና የራሱ ችግር አለው። ይህ ምርመራ በኢትዮጵያ ለአንገት ንፍፊትና ለጡት እብጠት የተለመደ ነው። በስላይድ ላይ የተቀባው ናሙና እንደ ተቆረጠ ኅብረ ሕዋስ ስስ ስላልሆነ፣ ሴሎቹ ከፍና ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንዱን ቦታ በተለያየ የፎከስ ልክ ደጋግሞ ማንሣት ወይም ፎከሱ እየተለወጠ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ ያስፈልጋል።

በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ በካሙዙ ማዕከላዊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የአሠራሩ ጥሩ ምሳሌ ነው። የማላዊና የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ከሐኪሞቹ ጋር ሆነው አስቸጋሪ ስላይዶችን በኢንተርኔት በጋራ ይወያዩባቸዋል። ፓቶሎጂስቱ ከምስሉ ሌላ የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ የእብጠቱን ቦታ፣ የቆየበትን ጊዜና የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይሰማል። በተለይ በሊምፎማ ጉዳይ፣ ተመሳሳይ መልክ ያላቸውን በሽታዎች ለመለየት ይህ ታሪክ ወሳኝ ነው።

አንድ ተቋም በስክሪን ማንበብ ከመጀመሩ በፊት አሠራሩን መፈተሽ አለበት። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ቢያንስ 60 ናሙናዎች በመስታወትም በስክሪንም ይነበባሉ፤ በሁለቱ ንባቦች መካከልም ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ የሚያገለግል የሙሉ ስላይድ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ምርቱም የፊሊፕስ ነበር።

ስላይዱም ሰሙም የምስሉን መለያ ቁጥር እንደያዙ በላኪው ዘንድ ይቀመጣሉ። ምስሉ ካልበቃ ተቀባዩ ይህንኑ በሪፖርቱ ይገልጻል፤ የሚፈልገው ሌላ ፎቶ፣ ከሰሙ አዲስ ቁራጭ፣ ልዩ ቀለም ወይም ስላይዱ ራሱ እንዲላክለት መሆኑንም ለይቶ ይጽፋል።