ከስሙኒ የሚጀምር ትምህርት

ሳንቲም መሰብሰብ አማረኝ የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀኝ የምኒልክ ብር ስንት እንደሚያወጣ ነው። ዋጋ ይደርሳል። እኔ መጀመሪያ እጁ ላይ የማስቀምጥለት ሁለት የጃንሆይ ስሙኒ ነው።

በሐምሌ 1937 በወጣው ገንዘብ ስሙኒ ዙሪያዋ ልሙጥ የሆነች የመዳብ ሳንቲም ነበረች። ሽልንጉ ደግሞ ብር ነው፤ መጠናቸው ስለተቀራረበ ብልጣብልጡ ስሙኒዋን ብር እየቀባ በሽልንግ ሒሳብ ያሳልፋት ጀመር። ስለዚህ ዙሪያዋ ገባ ወጣ ተደርጎ እንደገና ተቀረጸች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለምን እንደተለያዩ የጠየቀ ጀማሪ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ቀጥሎ ዓመቱን ያንብብ። የግዕዝ ቁጥር ሳይለዩ የኢትዮጵያን ሳንቲም መሰብሰብ አይቻልም። ሁለቱም ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ነው፤ ገንዘቡ ሥራ ላይ ከዋለበት ዓመት ይቀድማል፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖሯል። ማርትሬዛም ያው ናት። 1780 በላይዋ የተቀረጹት እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት የአውሮፓውያን ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። አንድ ሻጭ «የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ ሲምል ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ያነበበውን ነው የሚናገረው።

የድሮ ሰዎች ማርትሬዛን ሲቀበሉ የእቴጌይቱን ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር። ዘዴው ዛሬም ይሠራል፤ እኔ ግን ጠርዙ ላይ ጎላ ብሎ የወጣውን የላቲን ጽሑፍ አስቀድማለሁ፤ ብዙ አስመሳይ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ሚዛን፦ 28 ግራም ከምናምን። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃል።

ገንዘብ የሌለው ተማሪስ? የደርግ ሳንቲም አለለት። ፲፱፻፷፱ የሚሉትን ሰብስቦ በአጉሊ መነጽር አንበሳውን ይመልከት። በአንዳንዱ ራሱ አነስ ብሎ የአገጩ ጸጉር እኩል ነው፤ በሌላው ራሱ ገዘፍ ብሎ ሁለት ረዣዥም ጸጉሮች ወደ ግራ ሾለው ወጥተዋል። በሁለት የሳንቲም መቅረጫ ቤቶች ስለተሠራ ነው። ይህን በርካሽ ሳንቲም ላይ የለየ ዐይን፣ በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ይሁን የቀኝ፣ ማንም ሳይነግረው ያያል። ካታሎግም የሚጠቅመው ያኔ ነው።

እባካችሁ ሳንቲሙን አትጠቡት። በሎሚና በአመድ ፈትጎ እንደ አዲስ ያብለጨለጨውን ብር በኩራት የሚያመጣልኝ ሰው አይጠፋም። ያ ጥቁረት የብሩ ቆዳ ነው፤ ከተገፈፈ አይመለስም፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስም አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚያመጣ ወረቀት ይሻላል።

የአክሱምን ሳንቲም ለጀማሪ አልመክርም። ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስከስሳል፣ የሐሰቱም ብዛት አያድርስ ነው። ማየት ግን ለማንም ነው፤ ለንደን ያለ ወገን እንኳ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዶ የንጉሡን ራስ ግራና ቀኝ ያቀፉትን የስንዴ ዛላዎች ማየት ይችላል። የኢዛና ሳንቲሞች ከተገኙ፣ በቀደሙት ላይ ያለው ግማሽ ጨረቃ በኋለኞቹ በመስቀል መተካቱን ያስተውል።